ካፒቴኑን ከማን ላጋባው

ጥቅምት 8፣ ሐሙስ

የዱቄት ወተት መበጥበጥ። እንደ ትናንት፣ እንደ ከትናንት ወዲያ። ሁለት በርሜል ከረፋዱ በፊት፣ አንድ ከምሳ በኋላ። ክንዴ የኔ መሆኑን ረስቻለሁ። እናቶቹ ልጆቻቸውን አቅፈው ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል። ሕፃኑ ኩባያውን ሳይጨርስ ከምገባው ድንኳን መውጣት የለም፤ የነጯ ነርስ ትእዛዝ ነው። እነሱ ይጠብቃሉ። እኔ አወራለሁ። ዛሬ ጎረቤታችን ወ/ሮ አገሬ ገና ከመቀመጧ፣ ልጇን አበጀን ጭኗ ላይ ሳታደላድል፣ ትርንጎ ያ ካፒቴንሽ ከዚያስ ምን ሆነ አለችኝ። ስለ ማሽላው፣ ስለ ዱራው እደላ እንኳ እንደዚህ አትጠይቅም።

ትንሿ ደብተሬ፣ አንቺን ከትልቁ የለየሁሽ ለዚህ ነው። ትልቁ የሕዝብ ሆኗል። የካፒቴኑን ታሪክ የምጽፈው እሱ ላይ ነው፤ ከድንኳን ድንኳን ሲዞር ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ ገጹ ዘይት ጠጥቷል። አንቺ የኔ ብቻ ነሽ። የእናቴ ፊደል አለመቁጠር አንዳንዴ ይጠቅመኛል። አፌን ይቁረጠው።

ጥቅምት 11፣ እሑድ

ጎንደር ቀኑን ሙሉ አልለቀቀችኝም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሲኒማ ቤቱ፣ እልፍነሽ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ኦቾሎኒ። አሥረኛ ክፍል ነበርን። አጎቴን ላይብረሪ ነኝ ብዬው።

ፊልሙ፦ መንኮራኩር ሩቅ ኮከብ ላይ ይወድቃል። ካፒቴኑ ይቆስላል። የኮከቡ ሴት፣ ቶላና፣ ታስታምመዋለች። የመንኮራኩሩ ሰዎች ይጠሏታል። በእንግሊዝኛ ነው። እልፍነሽ በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች። ካፒቴኑ ቶላናን፣ ያገሬ ሰው ፊትሽን ያያል፣ እኔ ግን ልብሽን አየሁ አላት ብላኝ አልቅሼያለሁ። አሁን ሳስበው የካፒቴኑ ከንፈር የተንቀሳቀሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ያቺ ልጅ ከኔ የበለጠ እንግሊዝኛ አታውቅም ነበር። ሁሉንም ፈጥራ ነው የነገረችኝ። እንዴት ናፈቀችኝ።

መጨረሻውን አላየነውም። አጎቴ ሳይገባ ቤት መድረስ ነበረብኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንመለሳለን ተባባልን። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ፊልም መጣ። ከዚያ ጊዜው ከፋ። ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ከዚያ ከአይከል በእግራችን ወደ ሱዳን፤ አባቴ መንገድ ላይ ቀረ፣ እኔና እናቴ እዚህ ካምፕ ደረስን። እልፍነሽ የት እንዳለች አላውቅም። መጨረሻውን የምጽፈው እኔ ሆንኩ።

መ/ር ሙሉጌታ፣ የካምፑ ት/ቤት መምህር፣ እሱም ያንኑ ፊልም ጎንደር አይቶታል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትልቁን ደብተር በራኩባው፣ በሣር ዳሱ ጥላ ሥር ለሰዉ የሚያነበው እሱ ነው። ድምፁ ያምራል። ግን አንድ ምዕራፍ ሳያርም አያሳልፍልኝም። ካፒቴኑ የሚያገባው የመንኮራኩሩን ሐኪም ነው ይላል። መጨረሻውን በዓይኔ አይቻለሁ ይላል። ዛሬም ጣቱን ቀስሮ፣ «ይኼ ፊልሙ ላይ የለም!» ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጥቅምት 16፣ ዓርብ

የወተቱ መቅጃ እጀታው ተነቀለ። ደምሴ የሚባል መጣ፣ ከወገራ የመጡት ገበሬዎች መደዳ ያለው። ሽቦና ጉጠት ይዞ። ከዘይት ቆርቆሮ ቁራጭ ላጥ አድርጎ፣ አጥፎ፣ ቀጥቅጦ፣ አዲስ እጀታ። እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም። ለገበሬ ጎበዝ ነህ አልኩት። ሽቦውን ማጥበቅ ቀጠለ።

እስኪጨርስ ትልቁ ደብተር አጠገቡ ነበር። ማንበብ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ነው። ሦስት ምዕራፍ በአንድ ቁጭታ ጨረሰ። የኮከቡ ሰዎች ሲበላ ያዩት ሰው እየከሳ የሚሞተው ነገር ፊልሙ ላይ አለ ወይ አለኝ። የለም፣ የራሴ ፈጠራ ነው አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

«የራስሽ» አለ። ደብተሩን ዘግቶ፣ አቧራውን በክንዱ ጠርጎ መለሰልኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ከፍቶኝ ዋለ።

ጥቅምት 20፣ ማክሰኞ

ደምሴ ተመልሶ መጣ። የሚጠገን ነገር አልነበረም። ድንኳኑ ባዶ ሆኖ እኔ በርሜል አጥባለሁ። ሻይ ቀዳሁለት፤ የራሴንም ቀድቼ መካከላችን አስቀመጥኩ።

ሳልጠይቀው ነገረኝ። ገበሬ አይደለም። አባቱ ቀጥቃጭ ነበር፣ አያቱም። እናቱ ሸክላ ሠሪ ናት። አባቱ መንገድ ላይ ቀረ። እዚህ ሲመዘገቡ ገበሬ ነን ያሉት ፈርተው ነው። ያንቺ የኮከብ ሰዎች እኛ ነን አለኝ። ብረት ስለምንቀጠቅጥ ቡዳ የተባልነው። ስንት ዓመት የሰማሁትን ሰማይ ላይ ወስደሽ ጻፍሽው አለኝ። በቁጣ አይደለም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ትንሿ፣ አሁን የምጽፈውን ላንቺ ብቻ ነው። እሱ ይህን ሲናገር እጄ ሄዶ ኩባያዬን ወደ ራሴ ሳበው። አላሰብኩበትም። እጄ ነው። አየው። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣና ደህና ዋይ ብሎኝ ወጣ።

ጥቅምት 21፣ ረቡዕ

አልበላም። ራሴን ጠላሁት።

አይከል እያለን ማረሻ የምናስለው ቀጥቃጮቹ ጋ ነው። ማሰሮ የምንገዛው ከነሱ ነው። ቤታቸው ውሃ አንጠጣም። ሕፃን ሳለሁ ማሰሮ ሻጯ ግቢያችን ስትገባ እናቴ በነጠላዋ ትሸፍነኝ ነበር። እስከ ዛሬ ከልጅነቴ ሁሉ የምወደው ያንን ነው። የነጠላው ውስጥ፣ የቅቤዋ ሽታ፣ ልቧ ሲመታ በጆሮዬ። ጸጥታው። ያን ያህል የሞቀኝ ቀን የለም እል ነበር።

ከነጠላው ወዲያ ሴትዮዋ ቆማ እንደነበር ዛሬ ገና አሰብኩ።

ጥቅምት 25፣ እሑድ

ሦስት ቀን ጻፍኩ። አዲስ ምዕራፍ፦ የኮከቡ ሰዎች ብረት ሠሪዎች ናቸው። የወደቀውን መንኮራኩር ሊጠግኑ የሚችሉት እነሱ ብቻ። ዓይናቸው ያከሳል የሚለው የመርከበኞቹ ወሬ ነው፤ ያከሳቸው የስንቃቸው ማለቅ ነው። በመጨረሻ ካፒቴኑ ሁሉም እያዩት ቶላና በጠጣችበት ዋንጫ ውሃ ጠጣ።

መ/ር ሙሉጌታ እያነበበ እዚህ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ግማሹ ሰው አጉረመረመ። ኧረ የካፒቴን ዘር ከብረት ቀጥቃጭ! ካፒቴኑ አብዷል ያለም አለ። እናቴ ግን እልል አለች። ብቻዋን፣ ከሴቶቹ መካከል፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። አግባት ልጄ አለችው ካፒቴኑን። እናቴን አቅፌ ሳምኳት።

ደምሴ ከኋላ ቆሞ ነበር። ሰዉ ሲበተን ጠበቅኩት። ይቅር በለኝ አልኩት፣ ስለ ኩባያው። «እናቴ ውሃ አላት» አለኝ። ነይና ጠጪ ማለቱ ነው። ገባኝ።

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ሄድኩ። ጠጣሁ። ውሃ ነው፣ ትንሿ። የካምፑ ቦቴ ያመጣው ያው ውሃ።

እናቱ እማማ ሽታዬ ቀጭን፣ ቀልደኛ። ከድንኳኑ ጀርባ፣ ከሰው ዓይን ውጪ፣ ከወንዝ ዳር ባመጣችው ጭቃ አንዲት ትንሽ ገንቦ ሠርታለች። እጄ እንዳይረሳ ነው አለችኝ። ሲደርቅ በጥፍሯ ጠቅ ታደርገዋለች፣ ጆሮዋን አስጠግታ ድምፁን ትሰማለች፣ ዓይኗን ጨፍና። ታምሞ እንደሆን ይነግረኛል ትላለች። በወገራ ስለነበራት የቁልቋል አጥር፣ በጥቅምት አበባ ስለሚሞላው ሜዳ አወራችኝ። እኔም የአይከልን ጉም አወራኋት። ሁለታችንም አገር ቤት ገብተን ወጣን።

ደምሴ ሸኘኝ። ከመደዳው ጫፍ እስከ ውሃው ቦቴ። መንገዱ እንዳያልቅ ቀስ ብዬ ተራመድኩ።

ኅዳር 7፣ ዓርብ

እወደዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ወተት ሳማስል እየሳቅኩ ነው ይሉኛል።

እሱም ነገረኝ። በራሱ መንገድ። ቶላና መጨረሻ ላይ ካፒቴኑን አልፈልግም ብትለውስ፣ አስበሽዋል ወይ አለኝ። አትለውም አልኩ። እርግጠኛ ነሽ? እርግጠኛ ነኝ፣ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሳቀ። ጥርሱን ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ዛሬ የተነበበው የቶላና እናት ምዕራፍ ነው። ከጻፍኩት ሁሉ ያማረው። የኮከቡ አሮጊት ለካፒቴኑ ዋንጫ ትሠራለታለች። በጥፍሯ ጠቅ ታደርገዋለች፣ ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን ታስጠጋለች። ታምሞ እንደሆን ይነግረኛል ትላለች። ሰዉ ጸጥ ብሎ ሰማኝ። መ/ር ሙሉጌታ እንኳ አላረመም።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ምን አደረግኩ።

ዛሬ ምገባው ድንኳን ውስጥ ወ/ሮ አገሬ አጠገቧ ላለችው ስትነግር ሰማሁ። ቆርቆሮ ስትገዛ ጠቅ የምታደርግ፣ ዓይኗን የምትጨፍን ሴት እኔም አውቃለሁ አለች። ከወገራዎቹ መደዳ። ሽታዬ። ገበሬ ነኝ ትላለች እንጂ ያ የሸክላ ሠሪ ነገር ነው። ሌላዋ፣ ለካ ትርንጎ አውቃ ነው የጻፈችው አለች። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ታሪክ ነው አልኳቸው። ሰማይ ላይ ነው አልኳቸው። ሳቅኩ። ከፍቅሬ የተነሣ ነው የጻፍኳት። ትንሿ፣ ምነው ላንቺ ብቻ በጻፍኩት።

ኅዳር 14፣ ዓርብ

አበጀ ታመመ። ተቅማጥና ትኩሳት። በዚህ ሳምንት ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት ሃያ ይሆናሉ፤ ነርሷ ከውሃው ነው አለች። ወ/ሮ አገሬ ግን ረቡዕ ለታ እማማ ሽታዬ ወረፋ ላይ ልጄን አይታ፣ ሲያምር ብላለች አለች። በቃ። የኔን የመጀመሪያ ምዕራፍ ቃል በቃል ያወሩታል። ያዩት ሰው እየከሳ። ካስተካከልኩት ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ያስተካከልኩትን የሚያስታውስ የለም።

ከሰዓት ሴቶቹ የእማማ ሽታዬን ጀሪካን ከወረፋው አውጥተው ወረወሩት። ደምሴ አነሣው። ወደኔ አላየም። እኔ በርሜሉ ኋላ ቆሜ ነበር። ለምን ወጥቼ አልጮህኩም? ፈሪ ነኝ። ይኸው ይጻፍ።

ኅዳር 16፣ እሑድ

ራኩባው ጢም ብሎ ሞላ። የኔን ለመስማት አይደለም። መ/ር ሙሉጌታ የራሱን ደብተር ይዞ መጣ። በሱ ታሪክ ቶላና ለካ ካፒቴኑን ስታከሳው ኖራለች፤ ሐኪሟ ደርሳ አዳነችው፤ ተጋቡ፤ መንኮራኩሩ ተነሣ። ኮከቡ በእሳት ጋየ። ጭብጨባ!

አጻጻፉም ያምራል፣ መቀበሌ ነው። ቀናሁ። በዚህ ሁሉ መካከል መቅናቴ ገረመኝ።

ተነሣሁ። ዋሽተሃል አልኩት በሕዝብ ፊት። እማማ ሽታዬ ቤት ውሃ ጠጥቻለሁ፣ በልቻለሁ፣ ይኸው አልከሳሁም አልኩ። አንዷ ከመካከል፣ «ኧረ አንቺስ ከስተሻል!» አለች። ሳቅ። በእርግጥም ከስቻለሁ፤ ያልከሳ ማን አለ።

እናቴ እጄን ይዛ አወጣችኝ።

ኅዳር 19፣ ረቡዕ

አበጀ ዳነ። ነርሷ አራት ቀን ጨውና ስኳር በውሃ በማንኪያ ስታጠጣው ነበር። እነ እማማ ሽታዬ ደግሞ ሰኞ ዕለት ድንኳናቸውን ነቅለው ወደ ካምፑ ጥግ፣ ከመቃብሩ ወዲያ ሄደዋል። ወ/ሮ አገሬ እልል እያለች፣ እሷ ስትርቅለት ዳነ ትላለች። ማስረጃ ተገኘ ማለት ነው። ልጁ በመዳኑ ደስ ብሎኛል። እጁን ስሜዋለሁ። እናቱን ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ጥግ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። እማማ ሽታዬ፣ «አይ ልጄ፣ ደህና አርገሽ ነው የጻፍሽኝ፤ እኔን እንደዚያ ያየኝ ሰው የለም» አለችኝ። ማን እንዳነበበላት ገባኝ። አለቀስኩ።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

ለእናቴ ነገርኳት። ደምሴን እወደዋለሁ አልኩ። የቶላናና የካፒቴኑ ጊዜ ስላለቀሰችው እንባ አነሣሁባት። እልል ብለሽ አልነበረም አልኳት።

«እሱ እኮ ሰማይ ላይ ነው» አለችኝ። «እኛ አጥንት አለን።»

የትኛው አጥንት አልኩ። መንገድ ላይ የቀረው የአባቴ አጥንት? ከአፌ ወጣ። ፊቷን አዞረች። ያን ነጠላዋን እስከ አሁን ትለብሰዋለች፣ ጥለቱ አልቋል። ልገባበት ተመኘሁ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፣ ትንሿ፣ ልገባበት ተመኘሁ።

ኅዳር 24፣ ሰኞ

ደምሴ መዝገብ ቤት ሄዶ ሥራውን አስለወጠ። ሱዳናዊው ጸሐፊ ምን ልበል ቢለው ሐዳድ አለ። ብረት ሠሪ። ጸሐፊው ተነሥቶ ጨበጠው። ሐዳድ ነህና እስካሁን የት ነበርክ! ፋሽጋ የሚባል አገር ያለ አንድ የእርሻ ባለቤት ለትራክተሮቹ ሐዳድ ሲፈልግ ሁለት ወሩ ነው። ማደሪያ አለው፣ ለእናቱም። ሎሪው የሚመጣው የዛሬ ሳምንት።

በአማርኛ የደበቀውን በዓረብኛ በኩራት ተናገረው። ሲነግረኝ ይስቃል፣ ዓይኑ ግን አይስቅም። ትመጪያለሽ ወይ አላለኝም። እርሻው አጠገብ መፋዛ የሚባል ከተማ ቄስ አለ ይላሉ አለኝ። ብቻ።

ከሰዓት መ/ር ሙሉጌታ መጣ። ቆሞ መሬት ይጭራል። የደብተሩ ነገር እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም አለ። አንድ ነገር ልንገርሽ አለ። መጨረሻውን አላየሁትም። መብራት ጠፋ፣ ሲኒማ ቤቱ በትኖን ሄድን። ስንት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት።

ልስቅም ልመታውም አማረኝ። ሳቅኩ። የኔና የእልፍነሽን ነገርኩት። ሁለታችንም ባላየነው ነገር ስንጣላ። ከዚያ የጎንደርን ሲኒማ ቤት፣ የትኛው ወንበር እንደተሰበረ፣ ትኬት ቆራጩ እንዴት እንደሚያስል ስናወራ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ይቅርታዬን ግን አልሰጠሁትም። ለነሱ ነው የሚገባው፤ ጥግ ድረስ ሄዶ ይጠይቅ። እሄዳለሁ አለ። እስከ ማታ አልሄደም።

ኅዳር 27፣ ሐሙስ

ሽማግሌ ፈለግን። ሁለት ሰው ጠየቅን፤ አንደኛው አመመኝ አለ፣ ሌላው በግልጽ ለጠይብ ሽማግሌ አልሆንም አለ። እንግዲህ ሽማግሌ የለም።

ራሴን ጠየቅኩ፦ ካምፑ ሁሉ እሺ እስኪል ብጠብቅስ? እናቴ እሺ እስክትል? ደብተር ላይ እጠብቃለሁ፣ ምዕራፍ እጨምራለሁ። ሕይወት ላይ ግን ሎሪው የሚመጣው ሰኞ ነው።

እሄዳለሁ። ለእናቴ ዛሬ ነገርኳት። እህቷ ጎንደሬዎቹ መደዳ አለች፣ ብቻዋን አትቀርም። በየወሩ እመጣለሁ አልኩ። ዱራ እየለቀመች ነበር። ጠጠሩን ለብቻ፣ ፍሬውን ለብቻ። አላየችኝም። ግን ጠጠሩን ወደ ፍሬው ስትጥል አየሁ።

ታኅሣሥ 1፣ ሰኞ፣ ሎሪ ላይ

ፊደሌ ይዘላል፣ መንገዱ ነው። ትልቁን ደብተር ለምገባው ድንኳን ተውኩት። ካፒቴኑን ሳላጋባ። እነሱ ይጨርሱት፤ እንደ ልባቸው።

ጠዋት ሎሪው ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። ሰው ወጥቶ ያያል፣ ከሩቅ። ወ/ሮ አገሬም አበጀን ታቅፋ። መ/ር ሙሉጌታ የእማማ ሽታዬን ጓዝ አነሣ፣ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። እናቴ የለችም። አትመጣም ብዬ ሎሪው ላይ ወጣሁ። ደምሴ እጄን ይዞ ሳበኝ፤ ከላይ ሆኜ ሳይ በድንኳኖቹ መካከል ትመጣለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ቀስ ብላ፣ የሰዉን ሁሉ ዓይን ተሸክማ።

ሎሪው ጎን ቆመች። ልጄ አላለችኝም። መንገድሽ ይቅና አላለችኝም። ታየኛለች። እማማ ሽታዬ ከጎኔ ተቀምጣ ለመንገድ የቆላችውን ዱራ ከጨርቁ ፈታች። አንድ እፍኝ ዘገነች። ጎንበስ ብላ ዘረጋችላት።

እናቴ እጇን ዘርግታ ተቀበለች።

አልበላችውም። አልጣለችውምም። ጨበጠችው። ሎሪው ተነሣ፣ አቧራው ሸፈናት፣ አቧራው ሲከፈት ያው ቆማለች። መታጠፊያው ድረስ አየኋት፣ ትንሿ፣ እጇን አልከፈተችም።